በእንግሊዟ የወጣችው ሙሽራ

ሴት ልጅ ስለ ሠርጓ ቀን ስታወራ ስለ ቬሎዋ ታወራለች፣ ስለ ሚዜዎቿ ታወራለች፣ ማን መጥቶ ማን እንደቀረ ታወራለች። እኔ የማወራችሁ ስለ ሞተር ሳይክል ነው። ምን ላድርግ፣ የደረሰብኝ እሱ ነው። ቬሎዬንማ ሆስፒታል ውስጥ በመቀስ ቀደው ነው ያወለቁልኝ።

ፈቲያ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ኢተያ ነው፤ ከአዳማ ወደ አሰላ ስትወጡ፣ ደራን አልፋችሁ ዳገቱ ላይ የምታገኟት ከተማ ናት። አባቴ ሐሰን በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ እዚያው የቀረ የእህል ነጋዴ ነው። ኢተያ ገብታችሁ «እህል ነጋዴው ሐሰን» ብትሉ ግን የሚያሳያችሁ ሰው አታገኙም። «እንግሊዟ ያለችው ሐሰን» ማለት አለባችሁ።

እንግሊዟ ሞተሩ ናት። ጥቁር ናት፣ የቤንዚን ታንከሯ ላይ ወርቃማ መስመር አላት፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ እንደ መስተዋት ፊት ያሳያል። አባዬ ልጅ እግር ሳለ ከአንድ እንግሊዛዊ የእርሻ ባለሙያ ጋር ይሠራ ነበር፤ ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ለእሱ ትቷት ሄደ። ይሄ ሁሉ እኔ ሳልወለድ ነው። እኔ ያደግኩት ዝናዋን እየሰማሁ ነው። ከአሰላ ተነስታ አውቶቡስ ቀድማ አዳማ ትገባ ነበር። ዝዋይ ደርሳ አንድ ቦታ ሳትቆም ተመልሳለች። የዛሬዎቹ የህንድና የቻይና ሞተሮች ቆርቆሮ ናቸው፣ እሷ ግን ብረት ናት። ይህን የሚያወሩት የኢተያ ሽማግሌዎች ሲሆኑ፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበላል።

በዓይኔ ያየኋት እንግሊዟ ሌላ ነበረች። ዘይት ስለምታንጠባጥብ ከሥሯ ሁልጊዜ የእማዬ አሮጌ ትሪ ይቀመጣል። አባዬ ሲጠየቅ «የምታንጠባጥበው ዘይት ስላላት ነው፤ የሚያስፈራው ማንጠባጠብ ስታቆም ነው» ይላል። ዝናብ ሲነካት መብራቷ ይጠፋል። ጠዋት ያለ ግፊ አትነሳም። የሰፈራችን ወንድ ሁሉ አንድ ቀን ገፍቷታል፤ ግን ላቡን እየጠረገ «የጨዋ ልጅ እኮ ናት፣ ጠዋት ጠዋት ትኮራለች» ይላል እንጂ «ይቺ ነገር አልቆላታል» ሲል የሰማሁት ሰው የለም። ለምን ይላል? ጋሽ ሐሰን ይከፋዋል። በእኛ አገር አንድ ሰው እንዳይከፋው ሲባል ከተማ ሙሉ ሰው ይዋሻል።

አባዬ እንግሊዟን መንዳት ካቆመ ሰንብቷል። «ጉልበቴን አሞኛል» አለ፣ እኛም አመንነው። ሁልጊዜ አርብ ከጁምዓ ሲመለስ ይወለውላታል፣ ሰው ሲመጣ ሸራዋን ገልጦ ያሳያል፣ መልሶ ይሸፍናታል።

ከድር ወደዚህ ቤት የመጣው በሴራሚክ ነው። የአዳማ ልጅ ነው፣ ሙያው ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ጎረቤታችን ያሠሩትን ቤት ወለል ሊያነጥፍ መጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲሠራ በአጥር ሳየው ቆየሁ። ሲያነጥፍ አይናገርም፤ በመዶሻው እጀታ ኳ ኳ እያደረገ ድምፁን ይሰማል፣ ከሥሩ ክፍተት ያለበትን ያነሳዋል። አንድ ቀን «ውሃ ቢኖር» አለኝ። ሰጠሁት። የቀረውን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ሽማግሌ ላከ። አባዬም ብዙ ሳያንገላታቸው እሺ አለ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። ነገሩ ሁሉ አልቆ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ሰዎቹ ሊነሱ ሲሉ የአባዬ ጓደኛ ሐጂ ቃሲም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ሐሰን፣ ልጅህ የምትወጣው በእንግሊዟ ነው መቼም።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። «እንዴታ» አለ አንዱ። «በሷ ካልወጣች ምኑን የሐሰን ልጅ ሆነች» አለ ሌላው። የከድር ሽማግሌዎችም ከአዳማ ድረስ ዝናዋን ሰምተው ኖሮ «ለልጃችንም ክብር ነው» አሉ። ሁሉም አባዬን እያዩ ነው። በመጋረጃው ክፍተት አየሁት። ሻሹን አስተካከለ፣ መሬት መሬት አየ። ደስታው ቃል ነስቶት መሰለኝ።

«እንዴታ» አለ በመጨረሻ። «አማቼ ራሱ ይነዳታል።»

ነገሩ በዚህ ተቆረጠ። በዚያው ሳምንት ከድር ደወለልኝ።

«ፈቲያ፣ በመኪና ብንሄድ አባትሽ ይከፋው ይሆን?»

«ጠይቀው።»

«ማን? እኔ? አማቼን? ሞተርዎን አላምናትም ልበላቸው?»

«እኔስ አባቴን ምን ልበለው?»

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ ዱቄት እየነፋች ነበር፣ ቀና አላለችም። «እኔም ሆዴን ይበላኛል» አለች። «ግን አባትሽ ዕድሜ ልኩን ሲያወልቃት ሲገጥማት የኖረው ለዚህ ቀን ነው። ሙሽራ ነሽ፣ ሙሽራ አትከራከርም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።» ዝም አልኩ።

የሠርጉ ዋዜማ ከድር ግቢያችን መጥቶ ተለማመደ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዛሬ አገሩን የሞሉት ሞተሮች ላይ የኋላ ፍሬኑ የሚረገጠው በቀኝ እግር ነው፣ ማርሹ ደግሞ በግራ። ከድርም ወደ ሥራ የሚመላለስባት የህንድ ሞተር እንደዚያው ናት። እንግሊዟ ላይ ነገሩ የተገለበጠ ነው። ማርሹ በቀኝ እግር ነው፣ ፍሬኑ በግራ። በዚያ ላይ ማርሹን ወደታች ስትረግጡት የሚገባው ከፍ ያለው፣ የሚያፈጥነው ማርሽ ነው።

«በቀኝህ ማርሽ፣ በግራህ ፍሬን» አለው አባዬ።

«ገባኝ አባ።»

«ድገመው።»

«በቀኜ ማርሽ፣ በግራዬ ፍሬን።»

ግቢውን ዞረ፣ ዞረ፣ አልተሳሳተም። አባዬ ፈገግ አለ። እኔም በረንዳ ላይ ሂና እየተቀባሁ «አይ ጎበዝ» አልኩ በሆዴ። ግቢ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚዞር ሰው አስቦ ነው የሚረግጠው። የደነገጠ ሰው ግን አያስብም፣ እግሩ ራሱ የለመደውን ያደርጋል። ይሄን ያወቅኩት በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኒካሁ ታሰረ። ከዚያ እንግሊዟን ከሸራዋ አወጧት፣ አበባ አሰሩባት። አልነሳ አለች። ከድር የማስነሻ ፔዳሏን ደጋግሞ ቢረግጥ እምቢ አለች። ወንዶቹ ከኋላ ገፏት፣ ሙሽራው ላይዋ ላይ እንደተቀመጠ፣ ከበር እስከ ጥግ፣ ከጥግ እስከ በር። ሴቶቹ እየዘፈኑ ነበር፤ እየቆዩ ዘፈናቸው ላላ፣ ቀጥሎ ቆመ። ድንገት ፈነዳች። ጥቁር ጭስ ግቢውን ሞላው፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። «ኮርታ ነው» አሉ ሐጂ ቃሲም። እኔ ወደ ሞተሩ ስጠጋ የቬሎዬ ጠርዝ ነካት፣ ጥቁር የዘይት ጠብታ ነጩ ላይ ቀረ። ሚዜዬ በሶፍት ስትጠርገው ሰፋ። ምልክቱ ደስ አላለኝም፣ ግን ለማን ይነገራል?

ከከድር ኋላ ተቀመጥኩ። እማዬ «ቢስሚላህ በይ» አለችኝ። አባዬ ወደ ከድር ቀረበና የፊት ፍሬኑን በእጁ ጨበጥ፣ ለቀቅ፣ ጨበጥ አደረገ። ሰው ዙሪያችንን እንደ ግድግዳ ቆሟል።

«ቁልቁለቱ ላይ...» አለ አባዬ። ቀና ብሎ ሰዉን አየ። «...ቁልቁለቱ ላይ ነፋሱን ተጠንቀቅ።»

«እሺ አባ።»

አዳማ ወዳለው የሠርጉ አዳራሽ ለመሄድ ወጣን። ከፊታችን ቪዲዮ የሚቀርጸን ልጅ በፒካፕ ጀርባ ላይ ቆሞ ይሄዳል፣ ፊቱ ወደ እኛ ነው። እኛ ቀጥለን ነን። ከኋላችን የአባዬ መኪና፣ ከሱ ኋላ የአጀቡ መኪኖች ጥሩንባቸውን እየነፉ ተሰልፈዋል። ሄልሜት የለንም። በዚያ ፀጉር ላይ ምን ሄልሜት ይደረጋል?

ከኢተያ ወደ ደራ መንገዱ ቁልቁል ነው። ብዙ አያስፈራም፣ ግን አያልቅም። መጀመሪያ ላይ ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። የስንዴው ማሳ ግራና ቀኝ ይሮጣል፣ ልጆች ከመንገድ ዳር እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ እኔ የከድርን ወገብ ይዣለሁ። ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ በእጁ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ፣ ሳቁ» ይለናል። ከኋላ ጥሩንባው ይገፋናል። ከድር ቀስ ልበል ቢል እንኳ ፋታ የሚሰጠው የለም።

ትንሽ እንደወረድን አንድ ሽታ መጣ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ነው። አባዬ ሲፈታታት አጠገቡ ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።

«ከድር፣ ሽታው...»

«ሸቶኛል።»

በትከሻው ላይ ተንጠልጥዬ አየሁ። የፊት ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ጨብጦታል፣ ብረቱ ከመሪው ጋር ተጣብቋል። ሞተሩ ግን እንደሆነው ነው፣ አልቀነሰም።

«አይዝም?» አልኩት።

«ይይዛል... ይይዛል፣ እየያዘ ነው።» ድምፁ ግን የሱ አልነበረም።

ፊት ለፊታችን ደራ ታየች። ቆርቆሮዎቿ ያበራሉ። ከዚያ መንገዱ ዳር የተሰበሰበውን ሕዝብ አየሁ፣ አህያ፣ ጋሪ፣ ጆንያ። ገበያ ነው። የሠርጉ ቀን ሲመረጥ ስለ ሙሉ ጨረቃ ተወራ፣ ስለ ዝናብ ተወራ፣ የደራ ገበያ ቀን መሆኑን ግን አንድም ሰው አላነሳም።

«ፈቲያ» አለኝ ከድር፣ በጣም በቀስታ። «ጠበቅ አድርገሽ ያዢኝ።»

ያን ጊዜ ቁልቁል እግሩን አየሁ። ቀኝ እግሩ ይረግጣል። ደጋግሞ፣ በሙሉ ኃይሉ ይረግጣል። በረገጠ ቁጥር ሞተሩ ይላላል፣ ድምፁ ይወርዳል፣ እኛ እንፈጥናለን። ፍሬን መስሎት ማርሽ እያስገባ ነው። ግራ እግሩ ያለ ሥራ ማረፊያው ላይ ተቀምጧል።

«በግራ እግርህ ርገጥ» ብዬ ጮህኩ ጆሮው ላይ። «ከድር፣ ፍሬኑ በግራ እግርህ ነው።»

ሰማኝ። ግራ እግሩ ወረደ። ሞተሩ ከኋላ ተንቀጠቀጠ፣ ትንሽ ያዘ፣ ያው ሽታ ባሰ። ግን ዘግይቷል። ከፒካፑ ፊት የተጫነች አህያ መንገዱን ልታቋርጥ ገባች፣ ፒካፑ በአንዴ ቆመ። የሚቀርጸን ልጅ ካሜራውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ያየናል። ልጁን ልንደፈጥጠው ነው። ከድር መሪውን ወደ መንገዱ ዳር ጠመዘዘው።

ዳር ላይ ለሽያጭ የተከመረ የጤፍ ጭድ ነበር። ከጭዱ ወዲያ የሲሚንቶ ቦይ አለ። እኔን ሞተሩ ጭዱ ላይ ወረወረኝ። ከድርን ግን አልለቀቀውም፣ ይዞት ቦዩ ውስጥ ገባ።

ቀና ስል አፌ ጭድ ሞልቷል፣ ግራ እጄ አይታዘዘኝም። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አውልቀው ሸፈኑኝ። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላሉ፣ «ሙሽራ እኮ ናት፣ ያ ረቢ።» እየተጎተትኩ ቦዩ ጋ ደረስኩ። ከድር ተጋድሟል። ያ ሁሉ የተወራለት የእንግሊዝ ብረት ቀኝ ጉልበቱ ላይ ተኝቶበታል፣ ከላዩ ትኩስ ዘይት ሱሪው ላይ ይንጠባጠባል። ወንዶች ተረባርበው ሊያነሱት ሲሞክሩ ብረቱ ከበዳቸው፣ መልሰው ለቀቁት። የዚያን ጊዜ የጮኸውን ጩኸት አሁንም አንዳንዴ እሰማዋለሁ።

አባዬ ከመኪናው ወርዶ ሕዝቡን እየሰነጠቀ መጣ። ከድር አየው። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። አማቹን ሲያይ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?

«አባ፣ አፉ በሉኝ። ሞተርዎን ጣልኳት።»

አባዬ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠ፣ በሠርግ ልብሱ።

አዳማ ሆስፒታል ያስገቡን በአባዬ መኪና ነው። በመንገድ ላይ ለሠርጉ የተከራየነውን አዳራሽ አለፍነው፤ በሩ ላይ አበባ ተሰቅሏል፣ የከድር ዘመዶች እኛን ሊቀበሉ በር ላይ ቆመው በመኪናው መስኮት አይተውናል። የእኔን እጅ በጀሶ አሰሩልኝ። ከድርን ወደ ውስጥ ወሰዱት። ቆይቶ ሐኪሙ ወጣና «ነፍሱ ደህና ነው። እግሩን ግን አተርፋለሁ ብዬ ቃል አልገባም፣ እንሞክራለን» አለን። በሩ ተዘጋ። እኔና አባዬ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቁርአን ትቀራለች።

ብዙ ቆይቶ አባዬ ተናገረ። ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም።

«የተውኳት ጉልበቴን አሞኝ አይደለም።»

«ምን?»

«እንግሊዟን። ጉልበቴ ደህና ነው። አንድ ቀን ከደራ በታች፣ ወደ ድልድዩ ስወርድ አልቆም አለችኝ። አህያ ገጨሁ። የሰው ልጅ ቢሆንስ ብዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተውኳት። ፍሬኗ ሲሞቅ አይዝም። ድሮም አይዝም ነበር፤ ድሮ ያልታወቀው መንገዱ ባዶ ስለነበር ነው።»

«አባዬ፣ ታውቅ ነበር? እያወቅክ ነው ያስቀመጥከን?»

«ጠዋት ልነግረው ነበር። ፍሬኑን ልል አፌን ስከፍት ሰዉ ሁሉ ያየኛል። ነፋሱን አልኩት።»

«ሽማግሌዎቹ ፊት ለምን እምቢ አላልክም?»

«ሐጂ ያን ሲሉ ቤት ሙሉ ሰው እኔን ነበር የሚያየው። ስንት ዓመት ሲያወድሷት ኖረው ውሸት ነው፣ አትረባም ልበላቸው? አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ በሷ መሄዱ ይቅር ቢለኝ ደስ ብሎኝ በመኪና እልካችሁ ነበር። ከድር ፈራሁ ቢለኝ እኮ እቅፍ አድርጌ እስመው ነበር።»

«እሱ እኮ ያልነገረህ አንተ እንዳይከፋህ ነው።»

አሁን ዞሮ አየኝ። «ፈርቶ ነበር?»

«ፈርቶ ነበር።»

«አንቺስ?»

«እኔም።»

ወደ እማዬ አየ። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። አባዬ ሻሹን ከራሱ አውርዶ ፊቱን ሸፈነበት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለቅስ አየሁት። እኔ ግን ላባብለው አልቻልኩም። ተቆጥቼ ነበር፣ በሱ ብቻም አይደለም፤ በእማዬ፣ በከድር፣ በራሴ፣ ጥሩንባ ሲነፋ በነበረው ሁሉ። አስቡት እስቲ። አባቴ አልፈለገም። ባሌ አልፈለገም። እናቴ አልፈለገችም። እኔ አልፈለግኩም። ማንም ያልፈለገውን ነገር ሁላችንም ለብሰን አጊጠን፣ አበባ አስረን አደረግነው።

የከድር እግር ተረፈ። ጉልበቱ ግን አይታጠፍም። አልፎ አልፎ የሚያማርር ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር፣ እሱ አያማርርም። ሴራሚክ አንጣፊ ያለ ጉልበት ምንድን ነው? አሁን ሌሎች ተንበርክከው ያነጥፋሉ፣ እሱ ቆሞ ያሳያቸዋል፤ ክፍተት ሲሰማ በከዘራው ይጠቁማል። የሚሰግደው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ግንባሩ መሬት ከነካ የቆየ መሆኑን አንድ ቀን ብቻ ነግሮኛል።

የከተማው ወሬ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሊጠይቁን የመጡት ሰዎች ገና ሙዛቸውን ሳያስቀምጡ «የእንግሊዝ ብረት ባትሆን ኖሮ ሁለታችሁም አልቃችሁ ነበር» ይሉን ጀመር። «የዛሬው ቆርቆሮ ቢሆን ተጠቅልሎባችሁ ነበር።» መጀመሪያ ያሉት ሐጂ ቃሲም ናቸው። ያተረፈኝ ጭድ ነው፣ ጭዱን ያነሳ ሰው የለም። በወሩ ኢተያ ውስጥ ሙሽሮቹን ያዳነችው እንግሊዟ ሆና አረፈች። እንዲያውም ወንዶቹ ተሰባስበው የጎበጠውን መሪዋን አቃንተው፣ ቀለም ቀብተው፣ ለአባዬ ማጽናኛ ብለው ግቢው ውስጥ አቆሙለት። አባዬ «አላህ ይስጥልኝ» አላቸው። ምን ይበል? ከሥሯ ትሪው ተመልሶ ገባ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እኔ ሞተር አላውቅም፣ ስለ ሞተር ልመክራችሁም አልመጣሁም። እንግሊዝም ክፉ ነገር አልሠራም ይሆናል፤ ሞተሯም በዘመኗና በመንገዷ ጎበዝ ነበረች ይሆናል። ግን በየቤታችሁ ሁሉም የሚያወድሰው፣ ሁሉም ደግሞ በልቡ የሚፈራው አንድ ነገር ይኖራል። የአያት ቤት ሊሆን ይችላል፣ አንድ ትልቅ ሰው ሊሆን ይችላል፣ አንድ ልማድ ሊሆን ይችላል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ ያየሁት ግን የፈሩት የሚደርሰው አልናገርም ሲሉ ነው። ከእናንተ መሃል አንዱ ቀድሞ ይናገር። የሚከፋው ሰው ይከፋው።

እኔ ራሴ ይሄን የተማርኩት ሆስፒታል ውስጥ አይደለም። ከዚያ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ኢተያ አባዬ ጋ ልንጠይቅ ሄደን ሳለ ነው። ሐጂ ቃሲም ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጥተው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ጋቢ ለብሰዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፣ ነገር ያለው አመጣጥ ነው። ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

«ሐሰን» አሉ ሐጂ። «የልጄ ልጅ ልታገባ ነው፣ ሰምተሃል። ወጣቶቹ በእንግሊዟ ካልወጣች አሉን። ዕድል ያላት ናት፣ ሙሽራ ታተርፋለች ይላሉ። እንግዲህ እንድታውሰን ነው የመጣነው።»

በበሩ አየሁት። አባዬ ሻሹን አስተካከለ፣ መሬት መሬት አየ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ያየሁት ያው ነው። አሁን «እንዴታ» ሊል ነው።

«እ... እንግዲህ ሐጂ...» አለ።

ወጣሁ። ከድር ከቤቱ ጀርባ ጥላ ውስጥ ተቀምጧል።

«ከድር፣ ና እስቲ። ለእንግዶቹ ውሃ አምጣላቸው።»

ግራ ተጋብቶ አየኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር የማስቀምጠው፣ እንዳይታይ የምከልለው እኔ ነበርኩ። ከዘራውን ትቶ ተነሳ፣ ጆጉንና ብርጭቆ ያዘ። ግቢው ሰፊ ነው። ያንን ሁሉ እግሩን እየጎተተ፣ በየእርምጃው ወገቡን እያዞረ፣ ውሃው እየፈሰሰበት በእንግሊዟ አጠገብ አልፎ ሽማግሌዎቹ ጋ ደረሰ። ብርጭቆ ሊያቀብላቸው ጎንበስ ሊል ሞከረ፣ አልቻለም። ሐጂ ቃሲም ተነስተው ቆመው ተቀበሉት።

አባዬ ከድርን አየው። ከዚያ ቀና አለ።

«ሐጂ» አለ። «ፍሬን የላትም። ኖሯትም አያውቅም። እኔ ራሴ ፈርቼ ነው የተውኳት። ልጅዎን አያስቀምጡባት።»

ሐጂ ቃሲም ውሃውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ቀስ ብለው ተቀመጡና ትልቅ ትንፋሽ አወጡ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «እምቢ በለኝ ብዬ ዱዓ ሳደርግ ነው የመጣሁት።»